ከምስባክ ወደ ምርጫ ዘመቻ

እሱ፦ ዛሬ ስለ ፓት ሮበርትሰን እናውራ። እ.ኤ.አ. በ2023 በ93 ዓመታቸው ያረፉት አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ሰባኪ።

እሷ፦ ሰባኪ ብቻ? በ1988 የሪፐብሊካን ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ለመሆን ተወዳድረዋል እኮ!

እሱ፦ አዎ፤ አዮዋ ላይ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ጆርጅ ቡሽን በልጠው ሁለተኛ ወጡ።

እሷ፦ በስተመጨረሻ ያሸነፈው ግን ቡሽ ነው።

እሱ፦ ልክ ነሽ። ሮበርትሰን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በዓመቱ “ክርስቲያን ኮአሊሽን” የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ብዙ ወንጌላውያንን ወደ ምርጫ ፖለቲካ አስገቡ።

እሷ፦ እኔን የሚከነክነኝ የሄይቲው ነው። በ2010 አገሬው በመሬት መንቀጥቀጥ ሲያልቅ፣ “አባቶቻቸው ከፈረንሳይ ነፃ ለመውጣት ከሰይጣን ጋር ስለተዋዋሉ እርግማን አለባቸው” የሚል ነገር ተናገሩ።

እሱ፦ የእርዳታ ድርጅታቸው እኮ ለሄይቲ ደርሷል።

እሷ፦ እሱስ ጥሩ። ንግግሩ ግን በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። በ2005ስ? አሜሪካ የቬኔዙዌላውን ፕሬዚዳንት ቻቬዝን ብትገድል ይሻላል አላሉም?

እሱ፦ ለዚያኛው ይቅርታ ጠይቀዋል።

እሷ፦ አዎ፣ ውግዘቱ ሲበዛባቸው!

እሱ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። አድማጮቻችን፣ ሰባኪ ለሥልጣን ቢወዳደር ምን ትላላችሁ? መስመሩ ክፍት ነው።