ሹመት ለማያውቅ ልብ



ዲግሪ በሚሰጥበት ቀን ስለ ሕፃን መናገር ያልተገባ ሊመስል ይችላል። እናንተ ተመራቂዎች ዓመታት የለፋችሁት በዕውቀት ለመጎልመስ ነውና። ሆኖም የማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ አጀማመርን ልብ በሉ። ጌታ ሕፃኑን በመካከል ያቆመው ደቀ መዛሙርቱ በመንግሥተ ሰማያት ማን እንደሚበልጥ ሲጠይቁት ነው። ጥያቄው የሹመት ነበር፤ መልሱ ሕፃን ሆነ። በዚያ ዘመን ሕፃን በሸንጎ ቃል፣ በጉባኤ ወንበር አልነበረውም፤ መመኪያው አባቱ ብቻ ነበር። እንግዲህ የተጠየቅነው ክብሬ ይነካብኛል ብሎ የማይሰጋ ልብ ነው። ድፍረትም የሚወለደው ከዚሁ ልብ ነው። አገልጋይን እውነት እንዳይናገር የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የሞት ፍርሃት አይደለም፤ ወንበሩን፣ ደመወዙን፣ ስሙን እንዳያጣ መስጋቱ ነው።

እንደ ሕፃን አባትን መታመን ለአታላይ በር ይከፍታል የሚሉ አሉ፤ ሙግታቸው ተገቢ ነው። በእምነት ስም ሕመምተኛው መድኃኒቱን እንዲጥል የሚነገርበት፣ ጥያቄ ማንሳት እንደ ክሕደት የሚቆጠርበት መድረክ አለና። ይሁን እንጂ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን ለክፋት ሕፃናት፣ በማስተዋል ግን የበሰሉ እንዲሆኑ መክሯቸዋል። ጌታም ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈተን እምቢ ብሏል፤ አባትን መታመንና አባትን መፈታተን የተለያዩ ናቸው። ደግሞስ ሕፃን መቼ ከመጠየቅ ቦዝኖ ያውቃል? «ለምን?» እያለ የሚወተውተው አባቱን ስለሚያምን ነው። የሚታመነውም በአባቱ እንጂ «አባትህ ነኝ» ባለ ሁሉ አይደለም።

ፍርሃት የሰው ባሕርይ ስለሆነ በስብከት አይነቀልም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ተጨንቋል። ነገር ግን በዚያው ጭንቀት ውስጥ አባቱን ተጣራ፤ ፈቃዱንም ለእርሱ ተወ። ፍርሃት መጣ፤ የመወሰን ሥልጣን ግን አላገኘም። ለዚህ በአገራችን ታሪክ የቄስ ጉዲና ቱምሳ ሕይወት ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት እኒህ ሰው በነቀምት ሆስፒታል ሠርተዋል፤ በአሜሪካ ነገረ መለኮት ተምረዋል፤ በእርሳቸው ዘመን ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ ወንጌልና ልማት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ ሞግታለች። ነገር የማይገባቸው የዋህ አልነበሩም። በደርግ ዘመን ታስረው ስለነበር አደጋውን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ከአገር የሚወጡበት ዕድል ሲቀርብላቸው ግን መንጋቸውን ትተው አልሄዱም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የበሰለ አእምሮና የልጅ መታመን በአንድ ሰው ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

ተመራቂዎች ሆይ፣ ዛሬ የተቀበላችሁት ማዕረግ ለአገልግሎት የተሰጠ መሣሪያ ነው፤ ዘብ የምትቆሙለት ንብረት አታድርጉት። ባለጠጋው ምእመን ቢያኮርፍ፣ ሹመኛው ቢቆጣ፣ የገዛ ወገናችሁ «ከእኛ ጋር አልቆምክም፣ አልቆምሽም» ቢል ልትናገሩት የሚገባውን እውነት አትዋጡ። መርምሩ፣ ጠይቁ፣ ከሐኪምም ከምሁርም ተማሩ፤ ከዚያ በኋላ አባታችሁን ታምናችሁ ቁሙ። እርሱ አገልግሎታችሁን ይባርክ።