የሄርቶው ሕፃን ብሔረሰቡ ምን ነበር?

(በጎንደር ከተማ አራዳ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



እስኪ በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችን ቤቱ ግድግዳ ላይ የሟች ፎቶግራፍ ያልተሰቀለበት ማነው? እናት ልጇ ከተቀበረ ከዓመታት በኋላም ፎቶውን አውርዳ አቧራውን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ወረቀት መሆኑ ጠፍቷት ነው? አይደለም! የሌለውን እንዳለ አድርጎ መያዝ የሰው ጠባይ ስለሆነ ነው። ሥዕልም፣ ምልክትም፣ ባንዲራም መነሻቸው ይኸው ነው።

ይህ ጠባይ የት ተጀመረ? ፈረንጆች የፈረንሳይንና የስፔይንን ዋሻ ሲያሳዩን ኖረዋል። የኛ አፈር የሚናገረው ግን ሌላ ነው።

በ1990 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ሄርቶ ከተባለው ቦታ የሁለት አዋቂዎችና የአንድ ሕፃን ራስ ቅል ተገኘ። ጥናቱ በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ ከመሪዎቹ አንዱ የዚህችው የጎንደር ልጅ ዶክተር ብርሃኔ አስፋው ነበሩ። ዕድሜው 160 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። የሕፃኑ ራስ ቅል ሥጋው በድንጋይ ስለት ተጠርጎ፣ አጥንቱ በእጅ ብዛት ለስልሷል። ከሞተ በኋላ ሰዎች ደጋግመው ሲያነሡት፣ ሲይዙት ኖረዋል ማለት ነው። ምን እያሉ እንደያዙት አጥንት አይናገርም፤ ተራ አጥንት እንዳልነበረ ግን እጃቸው መስክሯል።

ከዚያ ወደ ድሬዳዋ እንለፍ። ፖርክ ኤፒክ፣ በኛ ቋንቋ የጃርት ዋሻ፣ ከ4 ሺህ በላይ ቁራጭ የቀለም አፈር ወጥቶበታል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ! መፍጫ ድንጋዩም አብሮ ተገኝቷል። ከዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ለ4,500 ዓመታት ያህል ሲፈጩት ኖረዋል። ታላቅ ለታናሽ ሳያስተምር ይህ ይሆናል? የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ በመላእክት ፊት የሞሉት ሠዓሊዎቻችንም ቀለም በጥብጠው የማይታየውን አሳዩን። ሥራው ያው ነው።

ወገኖቼ! እኛ ግን ታሪካችን 3 ሺህ ዓመት ነው፣ የለም 100 ነው እየተባባልን እንጣላለን። ለመሆኑ የሄርቶው ሕፃን ብሔረሰቡ ምን ነበር? መታወቂያ ቢያወጣ ምን ተብሎ ይጻፍለት ነበር? ያኔ የሞተን ልጅ "አንረሳህም" ያሉ የሚመስሉ እጆች ነበሩ። ዛሬ ሬሳን "የኛ"፣ "የነሱ" እያልን የምንቆጥር እኛ፣ ከነሱ ሠለጠንን እንዴት እንላለን?