ችግኙን በኅዳር ማን ያጠጣዋል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። የዛሬው ርዕሳችን በየሰፈራችንና በየመስጂዳችን ግቢ የምንተክላቸውን ችግኞች ይመለከታል።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ወይም ከዘራው አዝመራ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚያዝለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እናስተውል! ወፍና እንስሳ ከሰው ጋር አብረው ተጠርተዋል። በበጎ ኒያ የተከለ ሰው አጅሩ አላህ ዘንድ አይጠፋበትም። ይሁንና ወፍ እንድትበላ ዛፉ አድጎ ማፍራት አለበት።

በአገራችን የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 (እ.ኢ.አ.) ከተጀመረ ወዲህ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በጀመዓ ወጥተን መትከል ለምደናል። አልሐምዱሊላህ! ነገር ግን ችግኝ የሚፈተነው በሐምሌ ሳይሆን ከጥቅምት በኋላ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ሥሩ ገና ጠልቆ ስላልገባ ፀሐይ ይበረታበታል፤ ፍየልም ትቀነጥበዋለች። በሐምሌ መቶ ሆነን ወጥተን በኅዳር አንድ ሰው ከጠፋ ልፋታችን ለምን ሆነ?

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልንንከባከበው የምንችለውን ያህል እንትከል። አንዱን ችግኝ ለሁለት ለሦስት ቤተሰብ እንስጥ፤ የማጠጣቱ ተራ የማን እንደሆነ ይታወቅ። ሲተከል ላስቲኩ ይውለቅ፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠር።

ሁለተኛ፣ ውሃው በእጃችን ነው። በየመስጂዱ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ይደረጋል። ሳሙና ያልገባበት ይህ ውሃ ወደ ቱቦ ከሚፈስ በትንሽ ቦይ ወደ ችግኞቹ ቢመራ በጋውን ያሻግራቸዋል።

ሦስተኛ፣ አገር በቀል ዛፎችን እናስቀድም። የዋንዛ አበባ ለንብ ነው፤ ፍሬው ደግሞ ለወፍም ለሰውም ይሆናል። የወይራን ነገር ተመልከቱ! ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ሌላ ቁጥቋጦ ሥር ይጥሉታል፤ በዚያ ጥላ ውስጥ አዲስ ወይራ ይበቅላል። እኛ ለወፏ ብንተክል ወፏም መልሳ ትተክልልናለች። ሱብሐነላህ!

ስለዚህ ልጆቻችን ወፎችን በወንጭፍ እንዳይመቱ፣ ጎጇቸውንም እንዳያፈርሱ እንምከራቸው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ በአንድ ጉዞ ላይ ሰሃቦች የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው እንዲመልሱላት አዘዙ። መንገደኛ ሆነው ሳሉ ለአንዲት ወፍ ጭንቀት ጊዜ ከሰጡ፣ በሰፈራችን ዛፍ ላይ ለምታድረው ወፍ እኛ ምን ምክንያት አለን?

እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶችም! በሚቀጥለው ጁምዓ ከሰላት በኋላ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊት አምና የተከልናቸውን እንቁጠር። የደረቀውን እንተካ፤ የቆመውን እናጠጣ። ለዚህ ዘመቻም ሆነ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ጀሪካንና በጎ ኒያ ይበቃል።

አላህ (ሱ.ወ.) ጀምረው ከሚፈጽሙት ያድርገን። ሥራችንን ለእርሱ ብቻ የጠራ ያድርግልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።