የቹንቾን ሐውልትና የዘማች ሚስቶች
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ሐውልት የቆመው በሰው አገር ነው። ቹንቾን የምትባል የደቡብ ኮሪያ ከተማ ለእኛ ወታደሮች በወንዝ ዳር መታሰቢያ ሠርታለች። በግንቦት 1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቦታው ተገኝተዋል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ጣሪያው እንደ አገራችን ጎጆ ሾጠጥ ያለ ሙዚየም ተከፈተ። በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ መንገድ አለ፤ ሐውልቱ በተመረቀበት ዘመን የተከፈተ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤትም አለ። ቡና ከተፈላ ወሬው አይቋረጥም፤ ይህን እኛ እናውቃለን።

የቹንቾን ሰዎች ይህን ያደረጉት በከንቱ አይደለም። በራስ መኰንን የፈረስ ስም የተሰየመው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጂቡቲ በኩል በመርከብ ተሻገረ፤ በዚያው አካባቢ ተራሮች ላይም ተዋጋ። በጦርነቱ ጊዜና ከተኩስ አቁሙ በኋላ ተራ በተራ ከ6 ሺህ በላይ ወታደሮች ሄደዋል። 122 ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም አልተማረከም።

ለሞቱት እዚህ አፍንጮ በርም መታሰቢያ አላቸው። ደግ ነው። ነገር ግን ባሏ በባሕር ሲሄድ ልጅ ታቅፋ የቀረችው፣ ቁስለኛውን ተቀብላ ያስታመመችውስ? ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ «ኮሪያ ዘማች ነኝ» ማለት የሚያስፈራ ሆነ። ያን ጊዜ ሜዳሊያውን በጨርቅ ጠቅልላ ከሣጥን ሥር የሸሸገችው ሚስት ናት። ቤቱ እንዳይዘጋ እንጀራ ጋግራ የሸጠችውም እሷው ናት። ከእነዚህ እናቶች ጥቂቶቹ ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ታናሽየዋ ሰማንያ አልፏታል።

አንዳንድ ደጋፊዎቻችን በሰፈራችን አነስተኛ ሐውልት እንድናቆም ሐሳብ አቅርባችሁልናል። እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን እንደ ልጅ እንናገርና፣ ድንጋዩ ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ እናቶቻችን ግን አይቆዩልንም። የታሰበው ገንዘብ በቅድሚያ ለመድኃኒታቸው፣ ለቤት ኪራይና ለሚፈስሰው ጣሪያ ይዋል እንላለን። የተረፈው ለመቅረጫና ለደብተር ይበቃል። ሐውልት የሚቆም ከሆነም ምን እንደሚጻፍበት መጀመሪያ ከእነሱ አፍ እንስማ። የማን ስም ይውጣ የሚለውን እነሱ ይንገሩን።

በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንጀምራለን። ቡናውን የወሩ ተረኞች ያፈላሉ፤ ጽሕፈቱን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆቻችን ይይዙታል። መሄድ ለማይችሉት ቤታቸው ድረስ እንሄዳለን። ከኮሪያ የተላከ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ፎቶግራፉ የቆሸሸም ቢሆን አትጥረጉት፣ ከጀርባው የተጻፈ ሊኖር ይችላል።