የጓዳው ጥራጊ ለገበያ የሚበቃው መቼ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ባስተማረው ምሳሌ፣ ፍሬ ያጣችው በለስ እንድትቆረጥ ሲታዘዝ አትክልተኛው የአንድ ዓመት ዕድሜ ለመነላት፤ ዙሪያዋን ሊቆፍርላት፣ ፍግም ሊያለብሳት። የእኛ ማሳ ግን ፍጉን አጥቷል። እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ የጓዳው ጥራጊ በየጥሻው ይጣላል፤ ገበሬውም ከባሕር ማዶ ለሚመጣ ማዳበሪያ ይበደራል።

መፍትሔው በአገራችን ተፈትኗል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት፣ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ እየመሩት፣ ከትግራይ ግብርና ቢሮ ጋር ብስባሽን በገበሬው ማሳ ማስፋፋት ጀመረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በበጋ እርጥበት እንዳያመልጥ በጉድጓድ፣ በክረምት ውኃ እንዳይተኛበት ከመሬት በላይ ይዘጋጃል። የተቆራረጠ የማሽላ አገዳ፣ ለምለም ቅጠልና የጓዳ ጥራጊ፣ እበትና ጥቂት አፈር በየተራ ይነጠፋሉ። መካከሉ የተተከለው በትር ተነቅሎ ሲዳሰስ ሞቃትና እርጥብ ከሆነ መብሰሉ ቀጥሏል። ከ3 እስከ 4 ወር ገደማ ቆይቶ ሲጠቁር፣ ሲቀዘቅዝና የአፈር ሽታ ሲይዝ ደርሷል። ያልበሰለው ግን የአረም ዘር ይዞ ይገባል፤ ቡቃያንም ይጎዳል።

ስንሸጥ እውነቱን እንናገር። በ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለ፤ በ100 ኪሎ ብስባሽ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢሆን ነው። የብስባሽ ጥቅሙ አፈሩን ማለስለሱና እርጥበት መያዙ ነው፤ ይህም ለቆላ ማሳ ትልቅ ነገር ነው። ሸክሙ ከባድ፣ ዋጋው ቀላል ስለሆነ ሩቅ አይጓዝም፤ ገዥው በአቅራቢያ ያለው የመስኖ አትክልትና የችግኝ አምራች ነው።

የሰንበቴ ገበያ የሚቆመው እሑድ ነው፤ ደገኛው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኙበታል። እኛ ሰንበትን ስለምናከብር ርክክቡ በሥራ ቀን ይሁን። ኮሚቴው ክምሩ የተጀመረበትን ቀን ይመዝግብ፤ ፕላስቲክና ስባሪ ብርጭቆ በወንፊት ያስለይ፤ ያልበሰለውን ይመልስ። ከገዥዎቻችን ብዙዎቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ በአንድ ክፉ ጆንያ የሚጠፋው የአንድ ቤት ስም ብቻ ሳይሆን የደብሩም አመኔታ ነው።

አስቀድሞ የየቤቱ ጓሮ ይጥገብ፤ የሚሸጠው ትርፉ ነው። ገንዘቡም ጥራጊውን ለለየችው፣ ውኃውን ለቀዳችው እናት ይድረስ። አትክልተኛው አንድ ዓመት ለመነ፤ እኛም በዚህ ዓመት በየደብሩ አንድ ክምር እንጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።