ስለ መስቀል ወፍና በደብር ቅጽር ስለሚኖሩ ፍጥረታት



በኢዮቤልዩ በዓል ስለ ወፍና ስለ ቢራቢሮ መናገር ለአንዳንድ ሰው ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። የአንድ ደብር ታሪክ ሲነገር አስቀድሞ የሚነሡት መሥራቾቹ፤ አለቆቹና ያስተማሩት መምህራን ናቸው፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከቅጽሩ ሳይወጡ በየዛፉና በየሳሩ ትውልድ የተካኩ፤ ስማቸው በማናቸውም መዝገብ ያልተጻፈ ነዋሪዎች ደግሞ አሉ። ይህ ንግግር ስለ እነርሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይታይ ዘመድ ወደ ቤት ሲመጣ «የመስቀል ወፍ ሆንህብን» ይባላል። አባባሉ ወፊቱ በመስከረም ብቻ መጥታ የአደይ አበባ ሲረግፍ ወደማይታወቅ አገር ትሄዳለች ከሚል አሳብ የተነሣ ነው። ሲመረመር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። የመስቀል ወፍ የሚለው ስም እንደየአገሩ ለልዩ ልዩ ወፎች ይሰጣል፤ በደጋው ለዓይን ከሚጐሉት አንዱ ገላው ጥቁር፤ ትከሻውና ወገቡ እንደ አደይ አበባ ብጫ የሆነው ወፍ ነው። ይህ ወፍ ከሩቅ አገር አይመጣም፤ ወደ ሩቅ አገርም አይሄድም። ክረምት ገብቶ ሳሩ ሲረዝም ወንዱ ሴቲቱን ሊያማልል ጥቁርና ብጫውን ላባ ያወጣል። ጫጩቶቹ አድገው ሳሩ ሲደርቅ ያን ልብስ ጥሎ እንደ ሴቲቱ ቡናማና ዝንጕርጕር ይሆናል፤ ከሌሎች ጥቃቅን ወፎችም ጋር ተቀላቅሎ በታጨደው ማሳ ላይ ፍሬ ይለቅማል። ሰውም ሄደ ይለዋል።

ነገሩን ለማስረዳት ከእንጅባራ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ጥር 23 ቀን ሲያከብር ፈረሱ ሁሉ በጌጥ ተሸልሞ ይወጣል። በማግሥቱ ጌጡ ሲወልቅ ፈረሱ አገር ለቆ ሄደ የሚል ሰው የለም፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ያውቀዋል። ወፉን ግን የሚያውቀው ሰው ስላልተገኘ ልብሱን ሲለውጥ እንደ ጠፋ ተቈጠረ። ለሚያስተውል ሰው ምልክት አለው፤ በበጋው ወራት ቡናማ መንጋ ከማሳው ብድግ ሲል የወንዱ ወገብ ላይ ያለችው ብጫ እንደ ሳንቲም ብልጭ ትላለች። እርስዋ አትወልቅም።

እውነተኛው እንግዳ ሌላ ነው። ደረትዋ ብጫ፤ ጅራትዋን ከፍና ዝቅ የምታደርግ፤ በግጦሽ ላይ ከከብት እግር ሥር የምትሮጥ ቀጭን ወፍ በመስከረም ገደማ ከአውሮፓና ከእስያ በረሃውን አቋርጣ ትመጣለች፤ በሚያዝያም ትመለሳለች። ይህን ያህል መንገድ ለተጓዘችው እንግዳ ተረት ያወጣላት የለም፤ ከቤቱ ያልወጣው ግን እንግዳ ተባለ።

በዚህ አገር ወፎችን በጥሞና ተመልክተው ከጻፉት ሰዎች አንዱ ዳንግላ የኖረው እንግሊዛዊ ሮበርት ቺዝማን ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ድረስ የመንግሥቱ ቆንሲል ሆኖ በዳንግላ ተቀመጠ። በ1936 ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ያሳተመው መጽሐፍ ስሙን አስጠርቶታል። ከዚያ ይልቅ ያልታወቀው ሥራው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን አዕዋፍ ከአዕዋፍ ሊቅ ከስክሌተር ጋር ሆኖ በ1935ና በ1936 «አይቢስ» በሚባለው መጽሔት በዝርዝር ማውጣቱ ነው። እኅቱ ኤቭሊን ቺዝማንም በነፍሳት ጥናት የታወቀች ነበረች፤ በለንደን የአራዊት ማኅበር የነፍሳቱን ቤት ትጠብቅ ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ የመጣው ጄምስ ብሩስ የእርኩምን ሥዕል ከነአገርኛ ስሙ በመጽሐፉ አትሟል። የዳንግላ ወፍ ስሙ ለንደን ድረስ ተጽፎ ሳለ በዳንግላ ደብሮች መዝገብ አለመጻፉ የሚያስገርም ነው። ይሁንና ያን ጊዜ የሚያጠና ሰው ወፉን በጥይት መትቶ ቆዳውን ያደርቅ ነበር፤ ዛሬ ዓይንና እርሳስ ይበቃል።

ስለ ቢራቢሮም ጥቂት ቃል ይገባል። የቅዱስ ያሬድን ገድል የማያውቅ በዚህ ጉባኤ የለም። ሥዕሉን የሚሥሉ ሁሉ ሦስቱን አዕዋፍ ያስቡለታል፤ ከዚያ አስቀድሞ ግን ትምህርት አልገባው ብሎ ተስፋ ቈርጦ በዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጠ ጊዜ ያስተማረው ወደ ዛፉ ለመውጣት ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ የወጣው ትል ነው። ሊቁ ዜማን ከማግኘቱ በፊት ተቀምጦ ትልን የተመለከተ ሰው ነበረ ማለት ነው። ትሉ ምን ዓይነት እንደ ሆነ አልተነገረም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ለማየት የሚፈልግ ሰው በጓሮው ሎሚ ካለ ቅጠሉን ይመልከት። ጥቁርና ብጫ የሆነችው ትልቅ ቢራቢሮ እንቍላልዋን በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ ትጥላለች። ከእንቍላሉ የሚወጣው ትል በሕፃንነቱ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ስለዚህ ወፍ ንቆት ያልፋል። ካደገ በኋላ አረንጓዴ ሆኖ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል፤ የነካው እንደ ሆነ ከራሱ ላይ ሁለት ጫፍ ያለው ሽታው የሚከረፋ ቀንድ ያወጣል። ባለ ሎሚው ተቈጥቶ ቢለቅመው አይፈረድበትም፤ ሆኖም ለትልቅ ዛፍ ጥቂት ትል ብዙ ጕዳት አይሆንበትም። ቢራቢሮ ለማየት ማልዶ መነሣት አያስፈልግም፤ ፀሐይ ክንፍዋን ሳታሞቅላት አትበርም፤ ከጧቱ 3 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ለወፍ ግን ኪዳን ተደርሶ እንደ ወጡ ያለው ጊዜ ተወዳዳሪ የለውም።

አሁን ንግግሩ ወደ ከበደው ነገር ይደርሳል። በአዊ ምድር፤ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ፤ ገበሬው ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ ተክሎ በከሰሉ ኑሮውን አሻሽሏል፤ ይህን የሚነቅፍ ሰው የገበሬውን ችግር ያላየ ነው። ነገር ግን ዲከረንስ በአራትና በአምስት ዓመት ይቈረጣል። ክንፉ ጥቁር የሆነው አረንጓዴ በቀቀን የሚፈለፍለው በአሮጌ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው፤ በአምስት ዓመት ዛፍ ውስጥ ፍልፍል አይገኝም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን መትቶ ገበሬውን አሳዝኖታል፤ በአንድ ዛፍ ብቻ መታመን ለሰውም እንደማይበጅ ታይቷል። ስለዚህ ያረጀው ዝግባ፤ ወይራና ብሳና በብዛት የቀረው በደብር ቅጽር ነው። ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥናት ያደረጉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከብት ሲገባ ችግኙ እንደማይተካ አስረድተዋል፤ ከአሜሪካዊቱ ከማርጋሬት ሎውማን ጋርም በደቡብ ጎንደር ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ደኖቹን ማሳጠር ተጀምሯል። ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ጸዳለት፤ ደኑም አጥር አገኘ።

አጥር ብቻ ግን የመስቀልን ወፍ አያድንም። ጎጆው በረጅም ሳርና በቍጥቋጦ መካከል ነው። በመስከረም ለበዓል ጌጥ ተብሎ ቅጽሩ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢታጨድ በዓሉን የምታበሥረው ወፍ በበዓሉ ዋዜማ ጫጩቶችዋን ታጣለች። ከምሥራቅም ሆነ ከሰሜን በኩል አንዱ ማዕዘን እስከ ኅዳር ድረስ ማጭድ ሳይነካው ቢቆይ ለደብሩ የሚጐድል ሳር ጥቂት ሸክም ነው። ጉባኤው ይህን ለመወሰን ሥልጣኑ አለው፤ ሌላ ወጪም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ልመና ለሰንበት ተማሪዎች ነው፤ ወንጭፍ ለያዙት ልጆችም ጭምር። አንድ ደብተር ተገዝቶ በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ ቀኑ፤ ሰዓቱ፤ የታየው ወፍ፤ ያረፈበትም ዛፍ ይጻፍበት። ስሙ ያልታወቀ ቢሆን መልኩ ይጻፍ። ከቺዝማን ዝርዝር ወዲህ 90 ዓመት ያህል አልፏል፤ ምን እንደ ቀረና ምን እንደ ጠፋ የሚታወቀው ሁለተኛ ዝርዝር ሲኖር ነው። ደብተሩ በመጪው ጥር ቢጀመር ይመረጣል። ያን ጊዜ ሳሩ ደርቆ፤ አበባው ረግፎ፤ ወፉ ሁሉ ቡናማ ሆኖ ይገኛል፤ ከቅጽሩ በታች ባለው ታጨደ ማሳ ዳር ዝም ብሎ የቆመ ልጅ መንጋው ሲነሣ ያችን ብጫ ይቍጠር።