ድር የሌላት ሸረሪት በምን ትለያለች?

(ለዕረፍት ወደ መርጡለ ማርያም ለሚሄዱ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል እየሰማን ስላደግን ሸረሪትን ያለ ድር ማሰብ ይቸግረናል። ይሁንና በጤፍ ማሳ ዳርና በወንዝ ዳር ድንጋይ ሥር የምትሮጠው ሸረሪት ወጥመድ ዘርግታ አትጠብቅም፤ አሳዳ ትይዛለች እንጂ። ቤተሰቧ ሊኮሲዴ ይባላል፤ ቃሉም ተኩላ ከሚለው ከግሪክኛው የወጣ ነው። በመንጋ ግን አትሄድም፤ የምታድነው ብቻዋን ነው።

ቤተሰቧን ማወቅ ቀላል ነው። ስምንት ዓይኖቿ በሦስት ረድፍ ናቸው፤ ከፊት አራት ትንንሾች፤ ከበላያቸው ሁለት ትልልቆች፤ ከኋላ ደግሞ ሁለት። እናቲቱ የእንቁላሏን ከረጢት ከሆዷ ጫፍ አጣብቃ ትዞራለች፤ ልጆቿም ሲፈለፈሉ ጀርባዋ ላይ ይወጣሉ፤ ልጅ አዝላ ገበያ እንደምትወርድ እናት ማለት ነው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ፓርዶሳ የተባለው ወገን (ጂነስ) ብቻውን በዓለም ከ500 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም ቡናማና ነጣ ያለ መስመር ያለባቸው ናቸው። ቀለም በዕድሜና በጾታ ስለሚለዋወጥ አያስተማምንም። የሚታመነው የመራቢያው አካል ነው፤ ይኸውም በወንዱ ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉት አጫጭር እጆች (ፓልፕ) ጫፍ፤ በሴቲቱ ከሆዷ ሥር ያለው ጠንካራ ሰሌዳ (ኤፒጂን) ነው። ይህም ተሟልቶ የሚታየው በጎለመሱት ብቻ ስለ ሆነ፤ ጫጩት ሸረሪት ይዞ «አዲስ ዝርያ አገኘሁ» ማለት ከንቱ ነው።

አንዳንዴ ይህም አይበቃም። በአውሮፓ ደን የምትገኘው ፓርዶሳ ሉጉብሪስ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ስትቆጠር ኖራ፤ በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት በርከት ያሉ ዝርያዎች እንደ ሆኑ አስረዳ። ሴቶቹን በመልክ መለየት እጅግ ያስቸግራል፤ ወንዶቹ ግን ሴት ሲለምኑ እያንዳንዱ የራሱ ጭፈራ አለው። እኛ የጎጃሙን እስክስታ ከወሎው እንደምንለይ እነርሱም ይለያሉ። ከእነዚህ አንዱ ሳልታንስ ተባለ፤ ትርጓሜውም «የሚጨፍር» ማለት ነው።

በአገራችን ፓቬዚ የተባለው ኢጣሊያዊ አንቲኖሪ ከሸዋ የሰበሰባቸውን በ1883 ጽፏል፤ ስትራንድ ደግሞ በ1906 ባብዛኛው ኤርላንገር የሰበሰባቸውን። በ1950ዎቹ መጨረሻ የጀርመኑ ሮቨር የአፍሪካን ተኩላ ሸረሪቶች በዓይን አቀማመጥና በመንጋጋ ጥርስ ቁጥር እየከፋፈለ አያሌ አዳዲስ ወገኖች ፈጠረ፤ ከኋላው የመጡት ሊቃውንት ብዙዎቹን አልተቀበሉም። በእኔ አስተያየት ጥርስ መቁጠር ሰነፍ መንገድ ነው። ለማረም ደግሞ ፍራንክፈርት ያለውን የሮቨርን ስብስብ፤ ጄኖቫ ያለውን የአንቲኖሪን ማየት ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ አያሌ ስሞች የተሰጡት ወንዱ ወይም ሴቲቱ ብቻ ታይታ ነው፤ ጥንዷን ፈልጎ ማገናኘት የሚችለው አገሩ ያለ ሰው ነው።

ስለዚህ መርጡለ ማርያም ስትደርሱ ማታ ባትሪያችሁን በግንባራችሁ ልክ ይዛችሁ መሬቱን አብሩ፤ ዓይኖቿ መልሰው ያበራሉ። ጎልማሳ ወንድና ሴት ከአንድ ቦታ ያዙ፤ 75 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጡ። ቦታውን፤ ቀኑን፤ ማሳ ይሁን ወንዝ ዳር፤ በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ፤ ቀለም ይለቃል። ከደጋው ወደ ዐባይ ቆላ የሚወርድ ቢኖር በየመንገዱ እየቆመ ይያዝ፤ የደጋውንና የቆላውን ግን በአንድ ጠርሙስ አትቀላቅሉ።